ወደ ቆላ የወደቀው ደመራ

ባለፈው ዓመት ለመስቀል አገሬ ገባሁ። ከብልባላ በላይ ባለችው መንደራችን ደመራው ነድዶ ሳያልቅ ካፊያ መጣና ፍሙን አረጠበው። እርጥብ አመድ እንዴት እንደሚሸት የማያውቅ የለም፤ ድስት ምድጃ ላይ ሲገነፍል የሚወጣው ሽታ ነው፣ ትንሽ የጥድ ሙጫ ተጨምሮበት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው፣ እየተሳሳቁ አመዱን በጣታቸው ያነሱና ግንባራቸው ላይ መስቀል ይሠራሉ። አንዲት ዘመዴ «ነይ እንጂ፣ ላድርግልሽ» ብላ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ወደ ኋላ አልኩ። «ከተማ ገባችና አመድ ተጸየፈች» ሲባል ሰማሁ። ይበሉ። አመድ ተጸይፌ አይደለም። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የአሥር ዓመት ልጅ ያደርገኛል፤ የአሥር ዓመቷን ትርንጎን ደግሞ አልወዳትም።

ያኔ ኢሕአዴግ አገሩን ከያዘ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔና እናቴ ብቻችንን ነበርን። አባቴን በደርግ ጊዜ፣ እኔ ጡት ስጠባ፣ ለሰፈራ ወስደውት በዚያው ቀርቷል። እናቴ ስለ እሱ ስትጠየቅ «መተከል ነው አሉ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከወንድ እኩል ታርሳለች፣ ቀበሌው ለእርከን ሥራ ሲጠራ ከወንድ እኩል ትቆፍራለች፤ ማታ ደግሞ እንደ ሴት ትፈጫለች። ለኔ የሚተርፈኝ ጀርባዋ ነበር፤ ተደግፌው እተኛለሁ።

ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ኩፍኝ ያዘኝ። በመንደሩ ስንት ልጅ ሲቀበር እኔ ተረፍኩ። እናቴ ታዲያ «ግሸን ማርያም፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ጥላ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ኖሯል። ጥላውን ከላሊበላ አስመጣችው፤ ቀይ ነው፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ አለው። በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ከምሰሶው ላይ ተሰቀለ፤ እንደተሰቀለም ሦስት ዓመት ከረመ። አንዱን ዓመት ራሷ ታመመች። ሌላውን አዝመራው ጥሏት አላስኬድ አለ። ሦስተኛውን ክረምቱ ሳይወጣ ቀርቶ ከመንደሩ ማንም አልሄደ።

በአራተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከጥጃዋ ጋር ጓዳ ተቀምጬ እናቴ ለአክስቴ ስትነግራት ሰማሁ።

«ዘንድሮ ካላደረስሁ ልጂቱ አትቆይልኝም» አለቻት።

«ምላስሽን ቁረጪው» አለች አክስቴ።

«እውነቴን ነው። የተሳልሁት በሷ ነፍስ ነው።»

እናት ሲጨንቃት የምትለውን አለች፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን ቀን የተቆረጠልኝ መሰለኝ። መስከረም ሃያ አንድ፣ የግሸን በዓል፣ ጥላው ግሸን ካልደረሰ እሞታለሁ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለሌላ ሰው መንገር ደግሞ ሞቱን የሚያፋጥን መሰለኝና ዝም አልኩ።

ግሸን ከኛ አገር በእግር አራት ቀን ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ላሊበላ ያድራሉ፤ ከዚያ የተከዜን መነሻ ተሻግረው መቄት ደጋ ይወጣሉ፤ ከዚያ ዋድላ፤ ከዋድላ ዥጣ ወንዝ ድረስ ገደል ይወርዳሉ፤ ዥጣን ተሻግረው ደላንታ ወጥተው ግሸን ይደርሳሉ። ዳገቱም ቁልቁለቱም በጸሎትና በጭኮ ይታለፋል። ክፉው ዥጣ ነው። በዓሉ የሚውለው ክረምቱ ልውጣ አልውጣ በሚልበት ሰሞን ስለሆነ፣ ሰማዩ ሳይለይ የተነሳ መንገደኛ ወንዙ ላይ ይያዛል። ስለዚህ በየዓመቱ ከጳጉሜን ጀምሮ በመንደሩ ሌላ ወሬ የለም፤ ክረምቱ ወጣ ወይስ አልወጣም?

ይህ የሚጠየቀው አያ ቢምረው ነበር። አያ ቢምረው ቄስ አይደለም፣ ፊደል አልቆጠረም፣ የቀበሌ ሥልጣንም የለው። አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ የሚያለቅስ፣ በኮንጎ ጫማ የሚሄድ ገበሬ ነው። ግሸን የሚሄደውን ሰው ሁሉ እየመራ የሚያሻግረው እሱ ነው፤ ዥጣ ላይ መሻገሪያው መልካ የት ጋ እንደሆነ፣ ከየትኛው ድንጋይ ወደ የትኛው እንደሚረገጥ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ያያል። ተራራው ጫፉ ላይ ደመና ጭኖ ካደረ «ቆቡን አልጣለም፤ መንገድ የለም» ይላል። ምንጩ መጥራቱን ያያል፤ ጉንዳን እንቁላሉን ወዴት እንደሚያዞር ጎንበስ ብሎ ይመለከታል፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱ ከምሥራቅ መምጣቱን ይፈትናል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሬዲዮ ነበረው። ሬዲዮኑ ክረምቱ እየወጣ ነው ባለ ማግስት በረዶ ጥሎ ገብሱን ደበደበውና ሊቀመንበሩም አያ ቢምረውን መጠየቅ ጀመረ፤ ሰው እንዳያየው በጓሮ በኩል እየዞረ።

እየጠየቁት ግን ቃሉን አይቀበሉም። የመንደሩ ሰው ለመነሳት የሚጠብቀው ደመራውን ነው። ደመራው የሚለኮሰው በመስቀል ዕለት ንጋት ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ የቆመው ረጅም ጥድ ወደ ተራራው ከወደቀ ክረምቱ ገና ተራራው ላይ ተቀምጧል፣ ወደ ቆላው ከወደቀ ክረምቱ ከወንዙ ጋር ወርዷል ይባላል። ወደ ቆላ ሲወድቅ መንገደኛው እዚያው አመዱን ግንባሩ ላይ ቀብቶ ይነሳል። ወደ ተራራው ሲወድቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም የገባኝ እንደዚያ ነው፤ እንዲያውም ከዚያ አልፎ ገባኝ። እንጨቱ ክረምቱን የሚናገር ሳይሆን የሚያባርር መሰለኝ። ወደ ቆላ ሲወድቅ እንደ ጅራፍ ዝናቡን እየነዳ የሚያወርደው።

በዚያ ዓመት መስከረም ገብቶ ሁለት ሳምንት እስኪሆነው አቡነ ዮሴፍ ቆቡን አልጣለም። እናቴ ጭኮዋን አዘጋጅታ፣ ጥላውን ከምሰሶው አውርዳ፣ ስንቅ ሁሉ አስራ ትጠብቃለች። በየቀኑ አያ ቢምረው ደጅ ትልከኛለች።

«አያ፣ እናቴ ዛሬስ እንዴት ነው ይሉኛል ብላለች» እላለሁ።

«እንደ ትናንቱ ነው በያት» ይለኛል። አንድ ቀን ግን ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ራሴን ዳሰሰኝና «ለከርሞ ይደርሳል በያት፤ ማርያም አትቸኩልም» አለኝ። ለከርሞ እኔ እንደማልኖር እንዴት ብዬ ልንገረው? መልእክቱን ለእናቴ አላደረስኩም።

በደመራው ዋዜማ ከሰዓት ልጆች እንጨት ስናግዝ አያ ቢምረው ጥዱን ሲተክል ደረስኩ። በየዓመቱ የሚተክለው እሱ ነው። ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ጥዱን አቁሞ፣ በቆላው በኩል የመጅ ያህል ድንጋይ ወሸቀና በእግሩ ጠቀጠቀው። በተራራው በኩል ግን እንዲሁ ልል አፈር መለሰበት።

«አያ፣ ድንጋዩን ለምን በዚህ በኩል ብቻ አደረጉት?» አልኩት።

«ነፋስ እንዳይጥለው።»

«ነፋሱ የሚመጣው በዚሁ በኩል አይደለም እንዴ? ቢገፋውስ ወደዚያ አይደለም የሚገፋው?»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚያለቅስ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ብዙ ነው። ሂጂ፣ ችቦሽን አምጪ» አለኝ።

ከእናቴ ጋር የጎጆ ባላ ስተክል ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ድንጋይ ያለበት በኩል እንደማይወድቅ አውቃለሁ። አያ ቢምረው ግን ለምን እንዲህ እንዳደረገ አልገባኝም፤ ሳያስተውል የተሳሳተ መሰለኝ። ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑም ደክሟል አልኩ። ሰው ሁሉ ልብሱን ሊለውጥ ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ ተመለስኩ። ፀሐይ ገና ነበረች። አፈሩን በእጄ ጫርኩት፣ ድንጋዩን አወጣሁት፣ እየገፋሁ ወስጄ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ውስጥ ለቀቅኩት። በተራራው በኩል ጠጠርና ጭቃ ሞልቼ፣ እስኪደክመኝ ረገጥኩት። በቆላው በኩል አፈሩን እንደነበረ መልሼ አለሰለስኩ። ጥፍሬ ተላልጦ ደማ። ክፉ ሠራሁ አላልኩም። ክረምቱን አባርሬ ነፍሴን ማትረፌ ነበር፤ አያ ቢምረውንም ከስህተቱ ያረምኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ጎሕ ሲቀድ ሰው ችቦውን ይዞ ወጣ። ቄስ አድማሱ ባርከው ለኮሱት። ዝናብ ባይኖርም ተራራው እንደ ሰሞኑ ደመናውን ጭኗል። ጥዱ ጫፉ ላይ አደይ አበባ ታስሮለት ነበር፤ አበባው ሲያር፣ ግንዱ ሲሰነጠቅ፣ እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ትንፋሼን አቆምኩ። ጥዱ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ወደ ቆላው ተጋደመ። እልልታው ቀለጠ።

አያ ቢምረው ብቻ አፉ በትንሹ ተከፍቶ እንጨቱን ያያል። አንዱ ጎረምሳ «አያ፣ አንቱ ተራራው ቆቡን አልጣለም ሲሉ ከርመው፣ ይኸው» ብሎ ቀለደበት። ቄስ አድማሱ «ቢምረው፣ ምን ትላለህ?» አሉት። ሁሉም ዞሮ አየው። በዱላው ወደ ፍሙ ጠጋ አለ፤ ግንዱ የቆመበትን ሊጭር ፈልጎ ሙቀቱ መለሰው።

«እንግዲህ ካለ፣ እኔ ማነኝ» አለ በመጨረሻ።

እናቴ አመዱን በጣቷ ነክታ ግንባሬ ላይ መስቀል ሠራችልኝ። ጣቷ ሙቅ ነበር። ጥላውን አዝላ፣ ስንቋን አንግታ፣ «ጥጃዋን ውጭ እንዳታሳድሪያት» ብላኝ ሄደች። አልሳመችኝም፤ እጇ ሙሉ ነበር። አሥራ አራት ሆነው ወረዱ፣ አያ ቢምረው ከፊት።

አክስቴ ቤት ሆኜ ሁለት ቀን ሰማዩን ስጠብቅ ዋልኩ። ሁለት ቀን ፀሐይ ወጣች፤ ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በአቡነ ዮሴፍ በኩል ጠቆረ፤ ከዚያ መቄትም ዋድላም እስካሉበት አቅጣጫ ድረስ ሰማዩ ተዘጋ። ዝናቡ ሲጀምር ወደ ደመራው ቦታ ሮጥኩ። ከጥዱ የቀረችውን ጉማጅ አቅፌ ወደ ቆላ ወደ ቆላ ጎተትኳት። ክረምቱ የተመለሰው እንጨቱ በደንብ ስላልወደቀ መሰለኝ። ጉማጇ በእርጥብ አመድ ላይ ትንሸራተታለች፣ እኔም አብሬ እንሸራተታለሁ። ክንዴም ፊቴም ጠቆረ። የማርያምን ስም እየጠራሁ ስጎትት አክስቴ አግኝታኝ በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ አዝላ አስገባችኝ።

መንገደኞቹ የተመለሱት በስምንተኛው ቀን ነው። ከሩቅ ስቆጥራቸው አሥራ ሦስት ሆኑብኝ። እንደገና ቆጠርኩ። የእናቴን ነጠላ ያየሁት አያ ቢምረው ትከሻ ላይ ነው። አክስቴ ከኔ ቀድማ ገባትና መሬት ላይ ተዘረረች።

ነገሩን ከጎረቤታችን አፍ ሰማሁት። ዥጣ የወረዱት ሲነጋ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሌሊቱን ዋድላ ደጋ ላይ የዘነበው ግን ገና እየወረደ ኖሯል። ውሃው ጉልበት እንኳ አይሞላም ነበር። አያ ቢምረው «ቆዩ፣ ቀለሙ አላማረኝም» ቢል «ደመራው ብሏል፣ ደግሞ በዓሉ ነገ ነው» አሉት። እጅ ለእጅ እያያዘ አሻገራቸው። እናቴ ጥላውን አናቷ ላይ ይዛ መጨረሻ ቀረች። መሐል ስትደርስ ደራሽ ጎርፉ ከላይ እያገሳ መጣ። አያ ቢምረው እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን እጇን አልሰጠችውም፤ ጥላውን ሰጠችው። «መጀመሪያ ስለቴን» አለችው። ተቀበላት። ሁለተኛውን እጅ ሲዘረጋ የሚይዘው ሰው አልነበረም። ሁለት ወንዶች ወደ ኋላ ቀርተው ከታች አገኟትና ደላንታ ቀበሯት።

አያ ቢምረው ፊቴ መጥቶ ተንበረከከ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ለልጅ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም።

«ስለትሽ ገብቷል» አለኝ።

ስለዚህ አልሞትም ማለት ነው። ይህን ሳስብ፣ ማን ይሙት፣ ለአንድ አፍታ ቅልል አለኝ። ለዚያች አፍታ ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ሰው አያ ቢምረውን አልወቀሰም። ደመራውንም አልወቀሰም፤ ማን ይደፍራል? ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ እህላቸውን እየጎረሱ «ስለት ማዘግየት እንዲህ ነው፤ እመቤታችን አትዘበትም» ይላሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰቅላው!» ይላሉ። እናቴን ዥጣ አንዴ ነው የገደላት፤ እነሱ ግን ተዝካሯ እስኪወጣ በየቀኑ ገደሏት። ተነስቼ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። አፌ እንጀራ የሞላው ይመስል ዝም አልኩ። ከነዚያ ሴቶች አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ፤ አመድ ተጸየፈች ያለችኝም አንዷ ናት።

አያ ቢምረው ከዚያ ወዲህ ሰማይ ማየት ተወ። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ዓይኑን መሬት መሬቱን ይዞ ነው። ገብስ ለማጨድ የሚጣደፉ ሰዎች መጥተው «አያ፣ ይዘንብ ይሆን?» ሲሉት «እኔ ምን አውቄ» ይላቸዋል። ሊቀመንበሩ በጓሮ መምጣቱን አቆመ። የእጁ ዱላም ጠፋ፤ ዥጣ ጥሎት ነው የመጣው አሉ።

ኅዳር ገብቶ ነበር። አክስቴ ለአውድማ ሠራተኞች ቆሎ አስይዛ ላከችኝ፤ ሌሎቹ በሬ ሊያጠጡ ወርደው አያ ቢምረውን ገለባው አጠገብ ብቻውን አገኘሁት። ልነግረው ቆርጬ ነበር። ሌሊት ሌሊት ያቺ ድንጋይ ደረቴ ላይ ትቀመጣለች፤ ከሱ በቀር የሚያወርድልኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ቆሎውን አስቀምጬ «አያ፣ አንድ ነገር…» ስል እሱ ቀደመኝ።

«ትርንጎ፣ ተቀመጪ። ለቄሱም ያልነገርሁትን ላንቺ ልንገርሽ» አለኝ። «ደመራ በራሱ ወድቆ አያውቅም። ስንት ዓመት የምጥለው እኔ ነኝ።»

ገለባው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰማዩን አያለሁ፣ አውቃለሁ። የእኔን ቃል ግን ማን ይሰማል? ድሃ ነኝ፣ አልተማርሁም። የእንጨት ቃል ይሰማሉ። እኔም ድንጋይ እየወሸቅሁ፣ እንዳይሄዱ ስፈልግ ወደ ተራራው፣ እንዲሄዱ ስፈልግ ወደ ቆላው አስወድቀዋለሁ። በዚያ ዘዴ ስንት ሰው ከዥጣ አተረፍሁ።» ዓይኑን ጠረገ፤ ያን ቀን ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። «ዘንድሮ በቆላ በኩል ነበር የወሸቅሁት። አንቺም አይተሻል። ያለ ጥርጥር ወደ ተራራው መውደቅ ነበረበት። ድንጋዩን ዘሎ ወደቀ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ይሄ የእግዜር እጅ ነው፣ እስከ ዛሬ ስቀጥፍ ኖሬ ዛሬ አረመኝ አልሁ። ለዚህ ነው አፌን ዘግቼ የሄድሁት።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስመለስ ጉድጓዱን ቆፈርሁት። ድንጋዩ የለም። ድንጋዩን እንኳ ወሰደው።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ጥፍሮቼ ገና አልበቀሉም ነበር፤ እጄን ነጠላዬ ስር ከተትኩ።

«የሱ እጅ ነው፣ አይደለም?» አለኝ። «ባይሆን ኖሮማ፣ እያወቅሁ እናትሽን እስከ ዥጣ መርቼ ወስጄ፣ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?»

ያን ዕለት ድንጋዬን አውርጄ ልመለስ ነበር የሄድኩት። ፊቱን አየሁት። ልጅ ብሆንም ያ ፊት የሚለምነው ምን እንደሆነ ገባኝ።

«የሱ እጅ ነው፣ አያ» አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰ። አማተበ። ከዚያ፣ ከመስቀል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብሎ አቡነ ዮሴፍን አየ። ተራራው ጥርት ብሎ ቆሟል፣ አንድ ደመና የለበትም። ጣቱን በምራቁ አርሶ ለነፋሱ ሰጠው።

«ዛሬ ውርጭ ይወርዳል» አለኝ። «የእናትሽን ጥጃ አስገቡ በያቸው።»

ሄጄ ነገርኳቸው፤ አስገባናት። ሌሊቱን ውርጩ ወረደ። ሲነጋ ሜዳው ነጭ ሆኖ፣ የጎረቤታችን ሁለት ግልገሎች በረት ውስጥ ደርቀው ተገኙ። የእናቴ ጥጃ ተረፈች። የአያ ቢምረው እውቀት ተመልሶ የደረሰው ለሷ ነው።